ባዶ ክፍል ውስጥ የሚጠይቅ ሰርቨር

ባቲ ከተማ ላይ ለመሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለኮሌጅ ተማሪዎች የተደረገ ዲስኩር



አዘጋጆቹ ይህን ስብሰባ ሰኞ ባለማድረጋቸው አመሰግናቸዋለሁ። ሰኞ ቢሆን ለወንበር ነበር የማወራው። ከአፋር በረሃ ግመልና ፍየል፣ ከደጋው እህል በሚወርድበት የገበያ ቀን ስለ ሰርቨር የሚሰማ ጆሮ ባቲ ውስጥ ከየት ይመጣል? ሰኞ ለእኛ ሙያም ክልክል ቀን ነው። ገበያተኛው በስልክ ብር የሚላላክበት፣ ባንክ ደጃፍ ሰልፉ የሚረዝምበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን እዚህ ከተማ ላይ ማሽን አጥፍቶ የሚያበራ ባለሙያ ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ሥራ ግን አልሰጠውም።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ማጥፋትና ማብራት ነው። እናንተ ከሚሴ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጣችኋል፤ ማሽኑ ባቲ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። ሊነክሱን «ሪቡት» ብላችሁ ታዙታላችሁ። መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ሥራ «አለህ?» የሚል ፒንግ እየላኩ መጠበቅ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ የኖረ ሰው ያቺን የፒንግ ደቂቃ ያውቃታል፤ አጠገቡ ያለ ሰው በስሙ ቢጠራው እንኳ አይሰማም። ማሽኑ ካልተመለሰ ከከሚሴ የሚነሳው ሰው ወደ ኮምቦልቻ ወጥቶ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቆላ መውረድ አለበት። ከአዲስ አበባ ከሆነማ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ይህ ሁሉ አንዲት ቁልፍ ለመጫን ነው።

«እኛ ጋ ምን ሰርቨር አለና» የሚል ካለ ዙሪያውን ይይ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን የሚያያይዘው ወረዳኔት ሲዘረጋ በየወረዳው አስተዳደር ግቢ የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ ከሳህኑ ሥር ደግሞ መሣሪያ የተደረደረበት ቁም ሳጥን መጣ። ያን ጊዜ ከሩቅ የሠራ ሰው ትዝ ይለዋል። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ወገብ በላይ ነበርና አንድ ፊደል ተጭናችሁ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትጠብቁ ነበር። ዛሬ ፋይበር አለ። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ደረጃ የሚጠቀምበት፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ2 የጤና መረጃ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በሊነክስ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፣ የቁጠባ ማኅበሩ ሒሳብ፣ ካሜራዎቹን የሚቀርጸው ሳጥን፣ ጣሪያ ላይ ያለው ራውተር ሳይቀር ብዙው ሊነክስ ነው። ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ አንዳንዴ የጠፋው ሲስተም ሳይሆን ተነስቶ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ማሽን ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ለምን ይቆማል? እዚህ ላይ ነው የዛሬው ነጥቤ ያለው። ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ሲነሳ ነው። ሲነሳ የሚቀረውም ተበላሽቶ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። «ኤፍ1 ተጫን»፣ «ዲስኩ ላይ ስህተት አግኝቻለሁ፣ ላስተካክል ወይስ ልተው»፣ «የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አስገባ»። ጥያቄው ስክሪን ላይ ተጽፏል፤ ስክሪን ግን የለም። ኪቦርድም የለም። ክፍሉ ተቆልፏል። ማሽኑ ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ሰው እስኪመጣ ወር ቢሆነውም ይጠብቃል።

ይህ ጠባይ ከዘሩ የወረሰው ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተርን ለገበያ ሲያቀርብ ፊት ለፊቱ ሰው እንደሚቀመጥ አስቦ ነው የሠራው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነክስን መጻፍ የጀመረውም በዚያው ዓይነት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ነበር። የማሽኑ ዘር ከባለቤቱ ጋር እየተነጋገረ መነሳት የለመደ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የምናስተዳድረውን ሰርቨር ስናዘጋጅ ሥራችን አንድ ነው፦ በደህናው ቀን፣ አጠገቡ ቆመን፣ ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድመን መመለስ።

ከመብራት እንጀምር፤ እኛ አገር ሌላው ሁሉ ከመብራት በኋላ ነውና።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል ወይ የሚለውን የሚወስነው ሊነክስ አይደለም፤ ከሊነክስ በፊት የሚነቃው ባዮስ ነው። እዚያ ውስጥ ሦስት ምርጫ አለ። መብራት ሲመለስ ጠፍቶ ይቆይ፤ ወደነበረበት ይመለስ፤ ሁልጊዜ ይብራ። እኛ ጋ በሰርቨር ስም የሚሠራው ብዙ ጊዜ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው፤ ብዙ ዴስክቶፕ ደግሞ ከፋብሪካ የሚወጣው «ጠፍቶ ይቆይ» ተብሎ ነው። ለቤት ጥሩ ነው፤ ለባቲ የማይሆን ነው። «ወደነበረበት ይመለስ» የሚለው ብልህ ይመስላል፤ ወጥመድም አለበት። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲያልቅበት ለሰርቨሩ «በሥርዓት ዝጋ» ብሎ ይነግረዋል እንበል። ሰርቨሩ በሥርዓት ይዘጋል። መብራት ሲመለስ «የመጨረሻው ሁኔታዬ ምን ነበር?» ብሎ ያስባል። ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ጠፍቶ ይቆያል። ትክክለኛው ምርጫ «ሁልጊዜ ይብራ» ነው።

ከዚህ የከፋ አንድ ሌላ አለ፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። መብራት ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ ይይዛል፤ ባትሪው ይዳከማል፤ ሰርቨሩ መዝጋት ይጀምራል። ልክ በዚያች ደቂቃ መብራት ይመጣል። ዩፒኤሱ «እፎይ» ብሎ መስጠቱን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ግን መዝጋቱን ጀምሯልና ዘግቶ ይጨርሳል። አሁን መብራት አለ፣ ዩፒኤሱ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ጠፍቷል። «መብራት ሲመለስ ብራ» ብላችሁ አዝዛችሁታል፤ በሰርቨሩ በኩል ግን መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ ዩፒኤሱ አላቋረጠበትም። ስለዚህ የሚመለስም የለም። መፍትሔው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ተሠርቷል። ሰርቨሩ መዝጋቱን ሲያገባድድ ለዩፒኤሱ የመጨረሻ ቃል ይሰጠዋል፤ መብራት ተመለሰም አልተመለሰም ለጥቂት ሰከንድ ቁረጥብኝ ይለዋል። ለዚህ ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከማሽኑ ጋር መነጋገር የሚችል መሆን አለበት። ሲገዛ ይህን ጠይቁ፤ ነጋዴው «ይሄ በጣም ጠንካራ ነው» ቢላችሁ ጥያቄያችሁን አልመለሰም።

በክረምት ደግሞ መብራቱ መጥቶ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ ነው የሚረጋው። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ግማሽ መንገድ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ዲስኩ ነው የሚጎዳው። አንዳንዱ ለፍሪጅ የምንገዛው ስታብላይዘር መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚለቀው። ለሰርቨርም እንዲህ ያለ መዘግየት ያለው ፈልጉ።

መብራቱ ተመለሰ እንበል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ባዮሱ ራሱ ነው። ኪቦርድ ካላገኘ «ኪቦርድ የለም፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን» የሚል ማሽን ዛሬም አለ። የት እንደምትጫኑት አልነገራችሁም። ባዮስ ውስጥ «በስህተት አትቁም» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን አስተካክሉ። ሁለተኛው የሰዓቱ ባትሪ ነው፤ ሲአር2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክለው። እሷ ስትሞት ባዮሱ ያስተካከላችሁለትን ሊረሳ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ከእኛ አቆጣጠርም ብሶ ወደ ኋላ የሄደ ሰርቨር አስቡ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ከሩቅ የምትገቡበት ቪፒኤን በሰርተፍኬት የሚሠራ ከሆነ፣ ማሽኑ የራሱን ቀን አይቶ «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጸናም» ብሎ በሩን ይዘጋባችኋል። ማሽኑ ተነስቷል፣ መብራቱ አለ፣ ኔትወርኩም አለ፤ እናንተ ግን ውጭ ናችሁ። ከኔትወርክ ሰዓቱን እንዲያስተካክል አድርጉት፤ ቪፒኤኑም ያ እስኪሆን ጠብቆ ደጋግሞ እንዲሞክር።

ይህ የባቲ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከዚህ በጣም ሩቅ የሆነ የሊነክስ ማሽን ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ። ናሳ ማርስ ላይ ያበረራት ኢንጀኒዊቲ የምትባል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነበረች። በሊነክስ ነበር የምትሠራው። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። ዓመት ካለፋት በኋላ የማርስ ክረምት መጣ፤ አቧራው ፀሐይዋን ሸፈነ፤ ሶላሯ ባትሪዋን መሙላት አቃተው። በሚያዝያ 2014 መጨረሻ ላይ ሌሊት ባትሪዋ አለቀ፤ ሰዓቷም ተዛባ። ጠዋት ፀሐይ ስታገኝ ተነሳች፤ ግን የምትነሳበትና የምታወራበት ሰዓት መልእክቷን ከሚቀበለው፣ ፐርሲቪራንስ ከተባለው መንኮራኩር ሰዓት ጋር አልገጠመም። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አይገናኙም። መሐንዲሶቹ ያደረጉት መንኮራኩሩ ሌላ ሥራውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ተክሎ እንዲያዳምጥ ማድረግ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ድምፅዋ ተሰማ። ሶላር፣ አቧራ፣ የሞተ ባትሪ፣ የተዛባ ሰዓት፤ ይህ ሁሉ እዚህ ጣሪያ ላይ የማናውቀው ነው? ልዩነቱ እነሱ ማሽኗን ያለ ሰው እንድትነሳ አድርገው መሥራታቸው ነው። እንጦጦ ካለው ጣቢያ ትመራ የነበረችው የእኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍም ነገሩ ያው ነበር፤ ወጥቶ ቁልፏን የሚጫን የለም።

አሁን ወደ ሊነክሱ ገባን። እዚህ ጥያቄዎቹ ይበዛሉ፤ ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

ግረብ የሚባለው ማስነሻ፣ ባለፈው ሳይሳካለት ከተነሳ ሜኑ አውጥቶ ምርጫ ሊጠብቅ ይችላል። በቀደሙት የኡቡንቱ ዕትሞች ያለ ገደብ ነበር የሚጠብቀው። ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ እንዲቀጥል እዘዙት። ዲስክ መርማሪው ስህተት ካገኘ «አዎ ወይም አይ» ይላል፤ «ሁልጊዜ አዎ» የሚል መልስ ለሊነክሱ እምብርት፣ ለከርነሉ፣ አስቀድማችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ። የተመሰጠረ ዲስክ ካላችሁ ሲነሳ ፓስወርድ ይፈልጋል፤ ድሮፕቤር የሚባል ትንሽ የኤስኤስኤች ሰርቨር ገና ዲስኩ ሳይከፈት እንዲነሳ አድርጋችሁ ከሩቅ ገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ።

ብዙ ሰው ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው፤ የባክአፕ ዲስኩ። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ሰው ውጫዊ ዲስክ በዩኤስቢ ይሰካና ኤፍስታብ በሚባለው የዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ይመዘግበዋል። ዓመት ያልፋል። ሌላ ሰው ዲስኩን ፊልም ሊቀዳበት ነቅሎ ይወስደዋል። ማንም ልብ አይልም፤ ማሽኑ እየሠራ ነው። አንድ ቀን ሪስታርት ይደረጋል። አገልግሎቶቹን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ዲስኩን ለ90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሲያጣው «አደጋ ላይ ነን፣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ» ብሎ ይቆማል። ኤስኤስኤች ገና አልተነሳም። ለፊልም ብሎ ዲስኩን የወሰደው ሰው ጤና ጣቢያውን ዘጋው ማለት ነው። ኤፍስታብ ላይ «ኖፌይል» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ «ዲስኩ ካለ እሰየው፤ ከሌለም ቀጥል» ማለት ነበረች። ዛሬ ወደ ቢሯችሁ ስትመለሱ ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህችን አድርጉ።

መውደቁስ? መነሳቱን ሳወራ መውደቁን ቀላል አስመሰልኩት። እየሠራ ያለ ማሽን «ዝጋ» ሲባል በየተራ አገልግሎቶቹን ያቆማል። አንዱ እምቢ ካለ ሲስተምዲ አብዛኛውን ጊዜ 90 ሰከንድ ታግሶ ይገድለዋል። የማይገደልም አለ፤ የሞተ የኔትወርክ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ መልስ የሚጠብቅ ሥራ በየትኛውም ትእዛዝ ላይሞት ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው ኤስኤስኤቹ መጀመሪያ ሞቶ ማሽኑ ሳይጠፋ ሲቀር ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ተቆልፎ ይቀራል። ዋናው ዲስክ ሲሞት ደግሞ «ሪቡት» ራሱ ዲስክ ላይ ያለ ፕሮግራም ስለሆነ የሚነበብ አይገኝም። ማሽኑን «ተነስ» ብላችሁ ማዘዝ እንኳ አልቻላችሁም።

ለዚህ ቀን ከርነሉ ውስጥ ሲስአርኪው የሚባል የጓሮ በር አለ። ፕሮክ ሥር ያለችው ሲስአርኪው-ትሪገር ፋይል ውስጥ አንድ ፊደል ብትጽፉ ከርነሉ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይፈጽማል። «ኤስ» ከጻፋችሁ ማህደረ ትውስታ ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ያሰፍራል፤ «ዩ» ካላችሁ ዲስኮቹን ማንበብ ብቻ እንዲቻል አድርጎ ይቆልፋል፤ «ቢ» ካላችሁ በቅጽበት ይነሳል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ «ቢ»ን ቀድሞ የጻፈ ሰው ያልተጻፈ መረጃውን ይዞ ይወድቃል። መልእክቱን ወደ ፋይሉ የምታስገቡበት «ኤኮ» የሼሉ የራሱ አካል ስለሆነ ዲስክ ባይኖርም ይሠራል። አስቀድማችሁ ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ ማለቴ ነው።

እናንተ ገብታችሁ ካልተቀመጣችሁስ? ከርነሉ ራሱ ሲደነግጥ፣ ፓኒክ የሚባለው ሲደርስበት፣ ካልነገራችሁት በቀር ዝም ብሎ ይቆማል። «ፓኒክ» የምትባለዋ ቅንብር ከፋብሪካ ዜሮ ናት፤ ዜሮ ማለት ለዘላለም ጠብቅ ማለት ነው። 10 ብታደርጓት 10 ሰከንድ ቆይቶ ራሱን ያስነሳል። የማይደነግጥ፣ የማይናገር፣ ደንዝዞ የሚቀር ማሽን ደግሞ ዋችዶግ ይፈልጋል። ሌሊት ዘበኛው በየጊዜው ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካው ከቀረ አሠሪው «ተኝቷል» ብሎ ይወጣል። ዋችዶግም እንዲሁ ነው። ከሊነክሱ ውጭ ያለች አንዲት ቆጣሪ ወደ ታች ትቆጥራለች፤ ሊነክሱ ደህና ከሆነ በየጊዜው ወደ መጀመሪያው ይመልሳታል፤ ዜሮ ከደረሰች ማንንም ሳታማክር ማሽኑን ታስነሳለች። በብዙ ሰርቨርና በራስፕቤሪ ፓይ ላይ ቆጣሪዋ አለች፤ ሲስተምዲን በአንድ መስመር ታዝዙታላችሁ። ያለ ምንም ወጪ። ይህን ያህል ርካሽ የሆነና ይህን ያህል ችላ የተባለ ነገር በሙያችን ውስጥ አላውቅም።

አዲስ ከርነል ስትጭኑ ግረብን «ለአንድ ጊዜ ብቻ በአዲሱ ተነስ» ማለት ይቻላል። አዲሱ ከደነገጠ በ10 ሰከንዱ ራሱን ያስነሳና በአሮጌው ይመለሳል። እናንተ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ።

ከማሽኑ ውጭ ስላለው ሁለተኛ መንገድ ልናገር። እውነተኛ ሰርቨር ከሆነ ውስጡ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ትልቁ ቢጠፋም እሱ ንቁ ነው። ኢንቴል፣ ኤችፒ፣ ዴልና ኔክ እ.ኤ.አ. በ1998 አይፒኤምአይ የሚባለውን መግባቢያ አወጡለት። ኤችፒ አይሎ፣ ዴል አይድራክ ይሉታል። በሱ በኩል ማብራት፣ ማጥፋት፣ ስክሪኑንም ማየት ይቻላል። ስለዚህም አደገኛ ነው፤ የፋብሪካ ፓስወርዱን ሳትቀይሩ ኢንተርኔት ላይ አውጥታችሁት ከሆነ ሰርቨሩ የናንተ ብቻ አይደለም። ቪፒኤን ውስጥ አስገቡት።

ዴስክቶፕ ከሆነ በኤስኤምኤስ የሚታዘዝ የመብራት ሶኬት አለ፤ ሲም ካርድ ይገባበታል። በዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ «ሁለተኛ መንገድ አለኝ» ብሎ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሞደም ያስቀመጠ ሁሉ መንገዱ ተዘጋ። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የሚሞት ከሆነ ሁለተኛ አይባልም። ድምፅና ኤስኤምኤስ ከዳታ ተለይተው የሚሠሩበት ጊዜ ስላለ ለአገራችን ያረጀው ዘዴ ይሻላል እላለሁ። ትልልቆቹም ይህ ደርሶባቸዋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የራሱን ዳታ ሴንተሮች ከዓለም ቆረጠ፤ ለችግር ቀን ያዘጋጀው የውስጥ መንገድም አብሮ ወደቀ። መሐንዲሶች በአካል መላክ ነበረባቸው፤ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራው ጥበቃ ደግሞ መግባታቸውንና ማሽኑን መንካታቸውን አዘገየ። ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ።

በእኛ በኩል ሦስተኛው መንገድ ዘበኛው ነው። ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ ያቺን ማሽን አጥፍተው ቢያበሩልኝ?» «አብሽር ልጄ፤ ግን የትኛዋን? ሁሉም ይበራሉ።» ይህ ንግግር በስንት ቢሮ ተደርጓል! አራት ሳጥን ይበራል፤ አንዱ ራውተር፣ አንዱ ስዊች፣ አንዱ ካሜራ መቅረጫ ነው። ተሳስተው ራውተሩን ካጠፉ ስልኩ ላይ ሆናችሁ ሁሉም ከእጃችሁ ይወጣል። ስለዚህ በትልቅ ጽሕፈት፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ስም ጻፉባቸው። ቁልፉን አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ እንዳለባቸው አሳዩአቸው፤ አንድ ጊዜ ነክተው ከለቀቁት ማሽኑ በሥርዓት ለመዝጋት ይሞክራል፤ የደነዘዘ ማሽን ደግሞ አይሰማም። ለዚህ ሥራ ሲደወልላቸው ደግሞ የስልክ ካርድ መላክ ነውር አይደለም።

አሁን ማሽኑን ሳይሆን ራሳችንን መጠበቅ። ፋየርዎል ከሩቅ ስትቀይሩ አንዲት የተሳሳተ መስመር እናንተኑ ውጭ ታስቀራለች። ከመጀመራችሁ በፊት «ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነስ» ብላችሁ ቀጠሮ ስጡት፤ አዲሱን ሕግ ወደ ዲስክ ሳትጽፉ ሞክሩት። ከተቆለፋችሁ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ትገባላችሁ፤ አሮጌው ሕግ ተመልሷል። ካልተቆለፋችሁ ቀጠሮውን ሰርዙ። መሰረዙን እንዳትረሱ እንጂ።

ሰዓቱን በተመለከተ የኛ የሆነ ወጥመድ አለ፤ የውጭ መጽሐፍ አይነግራችሁም። አለቃ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሪስታርት ይደረግ» ይላል። ባለሙያው 8፡00 ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ የፈረንጁን ሰዓት ነው የሚያውቀው፤ ለሱ 8፡00 ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ቢሮ የሚከፈትበት ጊዜ። መጻፍ የነበረበት 2፡00 ነበር። ማሽኑ ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ተስተካክሎ ከሆነ ሦስት ሰዓት ይጨመራል፤ 2፡00 የተባለው ለኛ ሌሊት 11 ሰዓት ይሆናል። ከማዘዛችሁ በፊት «ዴት» ብላችሁ ስንት ሰዓት እንደሆነ የምታምነውን ማሽኗን ጠይቋት።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልገልብጠው። ሲነሳ እንዳይጠይቅ አድርጉት አልኩ፤ ሲወድቅ ግን መጠየቅ አለበት። አራት መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ሰው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያለ መስሎት የባቲውን ሰርቨር «ዝጋ» ይለዋል። ዝጋ የተባለ ማሽን በራሱ አይነሳም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሞሊ-ጋርድ የምትባል ፕሮግራም አለች፤ ከሩቅ ገብታችሁ ዝጋ ስትሉ «የዚህን ማሽን ስም ጻፍ» ትላለች። ስሙን ከተሳሳታችሁ አትዘጋም። የስሟ ምንጭ የአንድ ፕሮግራመር ሕፃን ልጅ ናት። ሞሊ አባቷ ሥራ ቦታ መጥታ የአይቢኤም 4341 ማሽንን ቀይ ማጥፊያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጫነችው፤ ከዚያ በላዩ ላይ ክዳን ተሠራለት።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የማይደርስበት ቦታም አለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ በዚህ መንገድ የመጣውን ጦርነት ለእናንተ እኔ አልተርክም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ደሴም ኮምቦልቻም ከሚሴም ባቲም ስልክ ተቋርጦ፣ ሰዉ ቤቱን ጥሎ በወጣበት ወር ሪቡት የሚባል ነገር የለም። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት በብዙ መሥሪያ ቤት የተገኘው ማሽኑ ራሱ የሌለበት ጠረጴዛ ነበር። ስለዚህ የመረጃው ቅጂ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠ ቅጂ ባቲ ላይ ያለውን ሳጥን አያስነሳውም፤ ክፍያ የሚጠብቀውን መምህር ስም ዝርዝር ግን ይመልሳል።

ዲስኩሬ እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው ሥራ ነው። ያመጣሁት አሮጌ ዴስክቶፕ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኪቦርድም ስክሪንም የለውም፤ ያወራሁት ሁሉ ተስተካክሎበታል። ባክአፕ ዲስኩን ነቅላችሁ ውሰዱት፤ የሰዓት ባትሪውን አውጡ፤ ሥራ ላይ እያለ ሶኬቱን ንቀሉ፤ መልሳችሁ ሰክታችሁ በላፕቶፓችሁ ፒንግ ላኩለት። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ ምን ያህል እንደሚረሳ አብረን እናያለን፤ እዚያ ላይ ይቆም ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ኑ፤ ቀድሞ የሚነቅል ማን ነው?